ቦርከናን ያሻገርኳት ድመት

ወፍ ጠባቂ ነበርኩ ብል የሚያውቁኝ ሁሉ ይስቃሉ። ዕድሜዬን ሙሉ ጠመኔ ይዤ ክፍል ውስጥ ስጮህ የኖርኩ አስተማሪ ነኝ። ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም፤ ያስተማርኳቸው ልጆች ሁሉ ይመሰክራሉ። ቢሆንም እውነት ነው። ደሴ፣ ከፒያሳ ወደ ላይ በሚወጣው ዳገት ካለው ግቢዬ ውስጥ፣ አንድ ዓመት ሙሉ ሥራዬ ወፍ ከድመት መጠበቅ ነበር። ስጠብቅም ክፉ ነገር ሠራሁ። ነገሩ ከሆነ ሦስት ዓመት አልፏል፤ ከእኔ ግን አልወጣም።

ግቢው ትንሽ ነው። ባለቤቴ በሕይወት ሳለ የተከላት አንዲት የኮክ ዛፍ አለች፣ በአጥሩ ጥግ ጽጌረዳ አለ፣ ከኩሽናው ጀርባ የማገዶ ክምር፤ የቀረው ጎመን ነው። ባለቤቴ ካረፈ በኋላ ልጆቼም ተራ በተራ ሥራ ይዘው ወጡ፤ አንዷ ባሕር ዳር፣ ሁለቱ አዲስ አበባ። ጡረታ ስወጣ ቤቱ ጭር አለብኝ። መጀመሪያ ሬዲዮ ከፍቼ እውል ነበር፤ ቆይቶ ከሬዲዮው ጋር መጨቃጨቅ ጀመርኩ። ወፎቹን ያየኋቸው ያን ጊዜ ነው። ለካ እዚያው ነበሩ፤ ስንት ዓመት ጠዋት ጠዋት እየተጣደፍኩ ስወጣ አንድ ቀን ቀና ብዬ አላየኋቸውም። ድንቢጦቹ ፍርፋሪ ስጥልላቸው እግሬ ሥር ድረስ መጡ። ኮኳ ላይ ደግሞ ጥንድ ዋኖሶች ጎጆ ሠሩ። ጎጆ ከተባለ ነው። ዋኖስ ሰነፍ ግንበኛ ናት፤ ጥቂት ጭራሮ ታነባብርና በቃኝ ትላለች፤ ከሥር ሆኖ ላየው እንቁላሉ በቀዳዳው ይታያል። ተማሪዬ ብትሆን ኖሮ አፍርሰሽ እንደገና ሥሪው እላት ነበር።

በቆርቆሮ አጥር የምንዋሰነው ጎረቤቴ በእናቴ ዕድሜ ያሉ ሙስሊም ሴት ነበሩ። እኔም ሰፈሩም እማማ ነው የምንላቸው። ባለቤታቸው ቀድመው ሞተዋል፤ አንድ ልጃቸው ኮምቦልቻ ሚስት አግብቶ ይኖራል። ሃያ ስድስት ዓመት ጎን ለጎን ኖረናል። በዚያ ክፉ የጦርነት ጊዜ ሰው ሁሉ ከተማውን ለቆ ሲሸሽ እኔም ሸሸሁ፤ እሳቸው ግን «ጉልበቴ እንኳን ሊሸሽ መስጊድ አልደርስ ብሏል» ብለው ቀሩ። ስመለስ የቤቴ በር አልተነካም። ቁልፌን መቀነታቸው ጫፍ ላይ ቋጥረው ነበር የጠበቁኝ። እንዲህ ያለ ጎረቤት ነው የነበረኝ፤ ይህንን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ የሠራሁትን ማንም እንዳያቃልልልኝ ነው።

ድመቷ የእሳቸው ነበረች። ግራጫ ናት፣ አንድ ጆሮዋ ጫፉ ላይ የተቀደደ። ሲሰግዱ ከመስገጃው ዳር ቁጭ ብላ እስኪጨርሱ ትጠብቃለች፤ ሲተኙ ጉልበታቸው ላይ ትጠቀለላለች። «የሐኪሙ ቅባት ያላደረገልኝን እሷ አደረገችልኝ» ይሉ ነበር። ስም አላወጡላትም። «አንቺ» ነው የሚሏት። እኔንም አንቺ ስለሚሉኝ፣ ከአጥሩ ወዲያ «ነይ አንቺ፣ ወተት» ሲሉ ስንት ጊዜ አቤት ብያለሁ። ይስቁና «አንቺም ነይ፣ ለሁለታችሁም ይበቃል» ይሉኛል።

በመጀመሪያው ጊዜ የዋኖሶቹ ጫጩቶች ላባ ማውጣት ሲጀምሩ አንድ ጠዋት በረንዳዬ ላይ ላባ ተበትኖ አገኘሁ። ጎጆው ተንጋዷል። እናቲቱ የአጥሩ ቆርቆሮ ጫፍ ላይ ቆማ ወደ ዛፏ ታያለች፤ አትጮኽም፣ አትበርም፤ ዝም ብላ ታያለች። ሰው እንዳያየኝ ኩሽና ገብቼ አለቀስኩ። ለወፍ ማልቀሴ ደግሞ ራሴኑ አናደደኝ፤ ንዴቴ የሚያርፍበት ስለፈለገ ወደ ጎረቤቴ ሄድኩ።

«እማማ፣ ድመትዎ ጫጩቶቼን በላችብኝ» አልኳቸው።

«ወላሂ አፈርኩ» አሉ። ማፈራቸው ፊታቸው ላይ ይታያል። «ግን ልጄ፣ ድመት ናት። ምን ብዬ ልምከራት?»

በማግሥቱ ከልጅ ልጃቸው አሮጌ አልቦ ላይ የፈቱትን ትንሽ ቃጭል በቀይ ጨርቅ ሰፍተው አንገቷ ላይ አሰሩላት። ወደ ሰማንያ ዓመታቸው ነው፣ ዓይናቸው መርፌ አያስገባም፤ ክሩን ያስገባችላቸው ከመንገዱ ማዶ ያለችው የጎረቤት ልጅ ናት። ለእኔ ብለው ነው ይህን ሁሉ። ድመቷ አንድ ሳምንት ያህል ስትንቀሳቀስ ቃጭሉ እየጮኸ ወፎቹ ቀድመው ሲበሩ ደስ አለኝ። ከዚያ በኋላ አንገቷን ቀጥ አድርጋ ቃጭሉን ሳታሰማ መራመድ ተማረች። እኔ ለስንት ዓመት ያስተማርኳቸው ልጆች በሳምንት ይህን ያህል ነገር ተምረው አያውቁም።

የራሴንም ዘዴ ሞከርኩ። በዛፏ ዙሪያ በርበሬ በአመድ ቀላቅዬ ነሰነስኩ፤ ነፋሱ አምጥቶ እኔኑ ሲያስነጥሰኝ ዋለ። ግንዱ ሥር እሾህ ከመርኩ፤ ጎመን ልቀነጥስ ስጎነበስ እኔኑ ወጋኝ። በመጨረሻ አንድ የዘይት ቆርቆሮ ጨፍልቄ ግንዱ ላይ ጠቀለልኩና በምስማር መታሁት፤ አውራ ጣቴ ቢጠቁርም እሱ ሠራ። ድመቷ ቆርቆሮው ላይ ጥፍሯ እየተንሸራተተ ስትወርድ አይቼ እንደ ልጅ አጨበጨብኩ። ከዚያ በኩሽናው ጣሪያ በኩል መምጣት ጀመረች። ወደ ጣሪያው ያዘነበለውን ቅርንጫፍ ቆረጥኩት። እሷ መዝለል ጀመረች። በስተመጨረሻ ወንበር አውጥቼ፣ መጥረጊያ ጭኔ ላይ አጋድሜ፣ ከዛፏ ሥር መዋል ሆነ ሥራዬ። የሰፈሩ ሰው በአጥር አንገቱን እያስገባ «ደሞዝ ይከፍሉሻል ወይ?» ይለኝ ጀመር። የወፍ ዘበኛ የሚል ስም ወጣልኝ። እውነቱን ለመናገር ስሙ አላስከፋኝም። ከባለቤቴ ሞት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠዋት የምነሣበት ነገር ነበረኝ።

ኅዳር ላይ ዋኖሶቹ እንደገና ፈለፈሉ። ሁለት ጫጩቶች ናቸው፤ አስቀያሚዎች፣ ዓይናቸው የፈጠጠ። በዚያው ሰሞን ድመቷ ባሰባት። በፊት በቀን አንዴ ብትመጣ ነው፤ አሁን ጠዋትም ቀትርም ትመጣለች። ሁለት ድንቢጥ በአንድ ሳምንት ወሰደችብኝ። መጥረጊያ ብወረውርባት ትንሽ ፈቀቅ ትልና ትመለሳለች። ከስታለች፣ ፀጉሯ ተንጨባሯል፤ ሆኖም ከዚያች ዛፍ አትርቅም። እልህ ተጋባችኝ አልኩ። ድመት እልህ የሚባል ነገር የላትም፤ እልህ የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ለምን ይህን ያህል ራባት ብዬ ግን አልጠየቅኩም። አንድ ጥያቄ ነበር የሚያስፈልገው፤ ከአጥሩ ወዲያ ላሉት ሴት የሚቀርብ አንድ ጥያቄ።

ድመት መግደል በእኛ አገር ክርስቲያኑም እስላሙም የሚፈራው ነገር ነው። የሚያስቸግር ድመት ግን መላ አለው። እናቴ ቤት ሲደረግ አይቻለሁ፤ ድመቷ ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ትገባለች፣ ከረጢቱ ሦስት ጊዜ ይሽከረከራል፣ ከዚያ ወንዝ ተሻግሮ ትለቀቃለች። አቅጣጫው ይዞርባታል፣ ውሃ ከተሻገረች ደግሞ መንገዱ ይጠፋታል፣ አትመለስም ይባላል። ደም አይፈስም፣ እንጀራዋ ሌላ ቦታ ይሆናል ተብሎ ሁሉም ሰው ቀለል ብሎት ይሄዳል። እኔም ቀለለኝ። ኮምቦልቻ የአክስቴን ልጅ ልጠይቅ የምሄድበት ቀን ነበረኝ፤ ቦርከና ደግሞ መንገዴ ላይ ነው።

በማለዳ ቋንጣ ቆርሼ ኩሽናው በር ላይ ቆምኩ። መጥረጊያ ስወረውርባት የከረምኩት ሴት ብሆንም መጣች። ቋንጣውን በላች፤ እግሬን በጎኗ አሻሸችኝ። ቃጭሉን ፈትቼ ጎመኑ ውስጥ ወረወርኩት፣ እሷን አንስቼ ከረጢቱ ውስጥ አስገባኋት። ከዚያም፣ ሳይንስ ያስተማርኩ ሴት፣ ግቢዬ መሃል ቆሜ ከረጢቱን ሦስት ጊዜ አዞርኩ። ሰው ያየኝ እንደሆነ ብዬ ዙሪያዬን ማየቴ ትዝ ይለኛል። የሚታፈርበት ነገር መሆኑን አውቄያለሁ ማለት ነው።

ሚኒባሱ ውስጥ ከረጢቱን ዘንቢል ውስጥ አድርጌ እግሬ ሥር አስቀመጥኩት። አጠገቤ የተቀመጡት ሰውዬ ሲነቃነቅ አይተው «ዶሮ ናት?» አሉኝ።

«አዎ፣ ለአክስቴ ልጅ» አልኩ።

ከተማው አልቆ ቁልቁለቱን ስንጀምር ዶሮዬ «ሚያው» አለች። ሰውዬው ወደ መስኮቱ ዞሩ፤ ትንሽ ቆይተው እግራቸውን ሰበሰቡ። ያን ጊዜ ሳቄን አፍኜ ነበር የሄድኩት። አሁን ሳስበው ግን እሳቸው ሁሉን ያወቁ ይመስለኛል።

ኮምቦልቻ ገብተን የቦርከናን ድልድይ ከተሻገርን በኋላ ወርጄ አንድ ሥጋ ቤት ፈለግኩ። ሥጋ ቤት አጠገብ ብለቃት ትጠግባለች፣ እንዲያውም ከነበረችበት ይሻላታል እያልኩ ራሴን አሳመንኩ። ከሥጋ ቤቱ ጀርባ ከረጢቱን ፈታሁ። ወጣችና ፀሐዩ ዓይኗን ስለያዛት ቆመች። ሆዷ ሲወዛወዝ አየሁ። ጡቶቿ አብጠው፣ ቀልተው፣ ዙሪያቸው ያለው ፀጉር በመጠባት ብዛት ተመልጦ አየሁ። ሦስት ልጅ ያጠባሁ ሴት ነኝ። ምን እንደማይ አውቄያለሁ። ግን እዚያ ድረስ ተሸክሜ መጥቻለሁ፣ ሚኒባስ ተሳፍሬያለሁ፣ ለሰው ዋሽቻለሁ፤ ስለዚህ ጠግባ ነው አልኩና ፊቴን አዞርኩ። እሷ ከቆመ ባጃጅ ሥር ገባች።

የአክስቴን ልጅ ጠይቄ ስምንት ሰዓት ገደማ ደሴ ተመለስኩ። እማማ በራቸው ላይ በምርኩዛቸው ቆመዋል።

«ያቺን አይተሻታል ልጄ? ከጠዋት ጀምሮ የለችም» አሉኝ። «ከወለደች ሳምንቷ ነው። ልጆቿን የት እንደደበቀቻቸው ለእኔም አላሳየችኝ። ወተቷን ሳትጠጣ ውላ አታውቅም።»

«አላየኋትም እማማ» አልኩ።

ፀሐይ ገና ነበር። ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው ሚኒባስ እስከ ማታ አይቋረጥም፤ ተመልሼ ብሄድ፣ ከባጃጁ ሥር ባጣት እንኳ ቋንጣ ይዤ ሥጋ ቤቱ ጀርባ ብቆም፣ ትመጣ ነበር። ቋንጣ ካየች የምትመጣ ድመት ናት፤ ጠዋት አይቻለሁ። ይህን ሁሉ በራፌ ላይ ቆሜ አሰብኩት። ሳላስበው ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይህን ያህል አይከብደኝም ነበር። ከዚያ ገብቼ ጫማዬን አወለቅኩና ሻይ ጣድኩ።

በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ከጓሮ ቀጭን ድምፅ እሰማ ነበር። የዋኖሶቹ ጫጩቶች ናቸው አልኩ። ጫጩቶቹ ከፊት ለፊት ዛፏ ላይ፣ ድምፁ ከጀርባ፤ ጆሮዬ ደህና ነው። በአራተኛው ቀን ድምፁ ሲቀንስ ነው ፍርሃት የያዘኝ። ከኩሽናው ጀርባ ሄጄ የማገዶውን ክምር ማንሣት ጀመርኩ። ከሥር፣ የተቀደደ ጆንያ ላይ፣ አራት ነበሩ። ሦስቱ ደርቀዋል። አራተኛዋ አፏን ትከፍታለች፣ ድምፅ ግን አይወጣትም።

ከኮኳ ዛፍ አሥር እርምጃ አይሞላም። እኔ ወንበር ላይ ተቀምጬ መጥረጊያ ይዤ ስጠብቅ፣ እሷ ልጆቿን ከእኔው ግቢ ነበር ያስቀመጠችው። ለዚህ ነው ያልራቀችው። ከሰፈሩ ሁሉ መርጣ እኔ ጋ አመጣቻቸው።

የተረፈችውን በነጠላዬ ጠቅልዬ ወደ እማማ ሮጥኩ። እውነቱን የምናገርበት ጊዜ ነበር፤ አፌን ከፍቼም ነበር። እሳቸው ግን ቀድመው ግልገሏን ከእጄ ተቀብለው፣ ደረታቸው ውስጥ ሸጉጠው፣ «አላህ ይስጥሽ ልጄ፣ አንቺ ባትኖሪ ይህችም አትተርፍም ነበር» አሉኝ። አፌን ዘጋሁ። ጥጥ ወተት ውስጥ እየነከሩ ጠብ ጠብ ያደርጉላት ጀመር። ሁለት ቀን እንዲያ ሲያደርጉ እኔም አጠገባቸው ተቀምጬ ወተቱን አሞቅላቸዋለሁ፣ ይመርቁኛል። በሕይወቴ እንደዚያ ሁለት ቀን ምርቃት የከበደኝ ጊዜ የለም። በሦስተኛው ቀን ሞተች።

ጫጩቶቹስ? በዚያው ሳምንት ከጎጆው ወጡ። አንደኛዋ አጥሩን ተሻግራ በረረች። ሁለተኛዋ ቆርቆሮው ላይ አርፋ ክንፏን ስታራግብ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ እኔ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ እያየሁ፣ ጭልፊት ወርዶ ወሰዳት። ለጭልፊት ከረጢት አላዘጋጀሁም ነበር። መጥረጊያውን እንኳ አላነሣሁትም።

ለእማማ ሳልናገር አንድ ቀን ወደ ኮምቦልቻ ወርጄ ሥጋ ቤቱ አካባቢ ስዞር ዋልኩ። ባለ ሥጋ ቤቱን ጆሮዋ የተቀደደ ግራጫ ድመት አይተው እንደሆነ ጠየቅኳቸው። «እዚህ የማይመጣ ድመት የለም እህቴ፣ የትኛዋን ልበልሽ?» አሉኝ። አላገኘኋትም።

ታኅሣሥ ገባ። የደሴን ታኅሣሥ የቀመሰ ያውቀዋል፤ ጠዋት ጎመኑ ላይ ውርጭ ይጋገራል። የእማማ ጉልበት ያን ዓመት ጭራሽ አልታጠፍ አላቸው። «የሚያሞቀኝ ሄደ» ይላሉ፣ እንደ ቀልድ። ልጃቸው መጣና ኮምቦልቻ ሙቀት ነው፣ ከእኛ ጋር ይኑሩ ብሎ ለመናቸው። ሲለምናቸው ዓመታት ሆኖታል፤ ያን ጊዜ ግን እሺ አሉ። ዕቃቸውን ስናስር ዋልን። እሳቸው በቁማቸው ቤታቸውን ሲሰናበቱ እኔ ጎንበስ ብዬ ሳጥን አስራለሁ፤ ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም።

በማግሥቱ ሊሄዱ ሲሉ፣ ከሰዓት በኋላ በምርኩዛቸው ወደ ቤቴ መጡ። ወሎ ውስጥ ሙስሊሙ አገር ሲለቅ፣ ሐጅ ሲሄድ፣ ሲታመምም፣ ጎረቤቱን ቤት ለቤት ዞሮ አፉ በሉኝ ይላል፤ የበደልኩህ ካለ ይቅር በለኝ ማለት ነው። የተጠየቀውም አፉ ብያለሁ ይልና፣ እሱም በተራው አንተም አፉ በለኝ ይላል። ሁለቱም ካልተባባሉ ጎዶሎ ነው። ክርስቲያን ብሆንም ከእነሱ ጋር ኖሬ ሥርዓቱን እንደ ራሴ አውቀዋለሁ።

ወንበር ሰጥቻቸው እንኳ አልተቀመጡም። «ሞት አለ ልጄ» አሉ። «በጎረቤትነታችን ብዙ አስቀይሜሽ ይሆናል። ድመቴም ወፎችሽን ጨርሳብሻለች፤ መያዝ ሲገባኝ ሳልይዛት ቀርቻለሁ። ለአላህ ብለሽ አፉ በይኝ።»

«አፉ ብያለሁ እማማ» አልኩ።

ጠበቁ። ተራው የእኔ ነበር። እርስዎም አፉ ይበሉኝ ብል ወዲያው አፉ ብያለሁ እንደሚሉኝ አውቃለሁ፤ ምን አድርገሽኝ ብለው አይጠይቁም። ሳልናገር የምቀበለው ይቅርታ ደግሞ ስርቆት መሰለኝ። መናገር አልቻልኩም፣ መስረቅም አቃተኝ። ምርኩዛቸውን ይዘው፣ ትንሽ ጎበጥ ብለው፣ ፊቴን እያዩ ጠበቁኝ።

«ሻይ ላፍላልዎት?» አልኳቸው።

«አይ፣ ሌላም ቤት እደርሳለሁ» አሉ። ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «አብሽሪ፣ ቅርብ ነኝ፣ ነይና ጠይቂኝ» ብለውኝ ወጡ።

ሁለት ወር ያህል አልሄድኩም። ስልክ ሲደውሉ ጉንፋን ይዞኛል እላለሁ። ዐቢይ ጾም ሲገባ ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። ለድመት ንስሐ ስገባ ይስቁብኛል ብዬ ነበር፤ አልሳቁም። ድመቷ የማን እንደሆነች ጠየቁኝ። የጎረቤቴ ናት አልኩ፤ ልጆቿም ሞቱ አልኩ፤ አፉ በይኝ ሊሉኝ መጥተው እኔ ዝም ማለቴንም ነገርኳቸው።

«ስግደቱን በኋላ እሰጥሻለሁ» አሉኝ። «መጀመሪያ ሄደሽ ለሴትዮዋ ንገሪያቸው። እኔ ፊት መናገር አልከበደሽም።»

በማግሥቱ ኮምቦልቻ ወረድኩ። እማማ በልጃቸው ቤት በረንዳ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ከስተዋል። ሲያዩኝ እጃቸውን ዘርግተው አቅፈው ሳሙኝ፤ ልብሴ ላይ ያለውን የደሴ ብርድ ያሸተቱ ይመስል አንገቴ ሥር ቆዩ። የልጃቸው ሚስት ምሳ ልታቀርብ ገባች። እሳቸው ስለ ሰፈሩ ጠየቁኝ፤ ማን ወለደ፣ ማን ሞተ፣ መብራት ይመጣል ወይ። እየመለስኩ ሳለ መሃል ላይ ቆረጥኩና ነገርኳቸው።

ሁሉንም ነገርኳቸው። ቋንጣውን፣ ከረጢቱን፣ ሚኒባሱን። ሥጋ ቤቱ ከዚያ ከተቀመጡበት በእግር ሩብ ሰዓት እንደማያስኬድ ነገርኳቸው። ጡቷን አይቼ እንዳላየሁ መሆኔን፣ በዚያው ቀን ተመልሼ ላመጣት ስችል ሻይ መጣዴን ነገርኳቸው። ከዚያ፣ ሁለት ወር የዘገየውን፣ «አፉ ይበሉኝ» አልኩ።

የልጃቸው ሚስት ትሪውን አምጥታ መሃላችን አስቀመጠች። ጾም መሆኑን አስበው ሽሮና ጎመን አሠርተውልኛል። እጃቸውን ታጥበው፣ ለእኔም ውሃ እንድታፈስልኝ በዓይናቸው ነገሯት። እስክትወጣ ጠበቁ።

«የራሴን ሐቅ ለአላህ ብዬ አፉ ብዬሻለሁ» አሉ። ድምፃቸው ቁጣ የለበትም፤ ሲደክማቸው እንደሚያወሩት ነው የሚያወሩት። «ቤቴን ቀዝቃዛ ማድረግሽን፣ መዋሸትሽን፣ ሁሉንም። ቂም አልይዝብሽም። የእሷን ሐቅ ግን አፉ ልልሽ አልችልም። የእኔ አይደለማ። የእሷና የልጆቿ ነው።»

«ታዲያ ማንን ልጠይቅ እማማ?» አልኩ።

አሰቡበት። ከልባቸው አሰቡበት፤ ሊያጽናኑኝ የሚችል መልስ ቢኖር እንደማይነፍጉኝ አውቃለሁ።

«እሱን እኔም አላውቀው» አሉ። ከዚያ እንጀራውን ቆርሰው ወደ እኔ በኩል አስጠጉልኝ። «ብዪ፣ ይቀዘቅዛል።»

በላሁ።